ባለ መርፌዋና ባለ ስቱዲዮው

ሙምባይ ውስጥ ደህና ስም ባለው የንቅሳት ስቱዲዮ የሥራ ቀን የሚጀምረው በፕላስቲክ ነው። አልጋው ይጠቀለላል፤ የመብራቱ እጀታ፣ የማሽኑ ገመድ፣ የውሃ መርጫው፣ በአጭሩ ነቃሹ ሥራ ከጀመረ በኋላ እጁ ሊያርፍበት የሚችል ነገር ሁሉ ይለበጣል። የቀለሙ ጽዋዎች ከጠርሙስ ክዳን ያነሱ ናቸውና እንዳይገለበጡ ከሥራቸው ቫዝሊን ተቀብቶ ትሪው ላይ ይጣበቃሉ። የደንበኛው ክንድ ይላጫል፣ ይጠረጋል፤ ሐምራዊ መስመር የታተመበት ስስ ወረቀት ተለጥፎ ሲነሣ ሥዕሉ ቆዳው ላይ ይቀራል። እስካሁን መርፌ የሚባል ነገር አልታየም። ደንበኛው መስተዋት ፊት ቆሞ ክንዱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፤ "ትንሽ ወደ ላይ ቢሆን" ካለ መስመሩ ታጥቦ እንደገና ይለጠፋል። መርፌው የታሸገበት ከረጢት የሚቀደደው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ያውም ደንበኛው ዓይኑን ተክሎ እያየ። ነቃሹ አፍ አውጥቶ ሳይናገር "እመነኝ" የሚለው በዚያች ቅጽበት ነው። ከዚያ ማሽኑ እንደ ተርብ ይጮሃል፤ መርፌውም ከላይኛው የቆዳ ሽፋን አልፎ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር እየገባ ይወጣል።

ከሙምባይ በሰሜን ምሥራቅ፣ በማድያ ፕራዴሽ ግዛት ዲንዶሪ በሚባለው ወረዳ፣ የባይጋ ሕዝብ ልጃገረዶች የሚነቀሱት በሌላ ሥርዓት ነበር። ወቅቱ ዝናብ ሲያባራ ነው፤ በክረምት ቁስል እንደማይደርቅ ሁሉም ያውቃል። ወንድ በአካባቢው ዝር አይልም። ነቃሿ የባይጋ ተወላጅ አይደለችም፤ ከመንደር መንደር የምትዞር፣ ሙያውን ከእናቷ የወረሰች የሌላ ማኅበረሰብ ሴት ናት። መርፌዎቿን በአንድ ላይ አስራ፣ ጥቀርሻ በጥብጣ፣ መጀመሪያ የልጅቷን ግንባር፣ ዕድሜዋ ሲገፋ ደግሞ ክንዷን፣ ጀርባዋንና እግሯን ትነቅሳለች። ሴቶቹ ሕመሙን ለማስረሳት ይዘፍናሉ። ጥቀርሻው የሚገኘው ራምቲል የሚሉትን ዘር አቃጥለው ነው፤ ራምቲል ደግሞ እኛ ኑግ የምንለው፣ ሳይንሳዊ ስሙ እንኳ "አቢሲኒካ" የሚል ቅጽል የተሸከመው የደጋችን አበባ ነው። ከኢትዮጵያ ወጥቶ ሕንድ የገባ ዘር የባይጋ ሴቶች ቆዳ ላይ መቅረቱን ብዙ ሰው አያውቅም። ሲያበቃ ቁስሉ በእበት ውሃና በእርድ ይታጠባል፤ ነቃሿም እህሏን ወይም ጥቂት ገንዘቧን ተቀብላ ወደሚቀጥለው መንደር ትሄዳለች። የባይጋ ሴቶች ይህን ንቅሳት ሲሞቱ ይዘውት የሚሄዱት ብቸኛ ጌጥ ይሉታል። ብሩ ለልጅ ይቀራል፤ ይህ ግን አብሮ ይቀበራል።

እነዚህ ሁለት ሠራተኞች የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። ያም ሆኖ አንዱ በሕንድ ጋዜጦች "አርቲስት" ተብሎ ሲጠራ ሌላዋ ለብዙ ዘመን ስም እንኳ አልነበራትም፤ የምትጠራው በጎሣዋ ነበር። "ባለ እጅ" የሚለው ቃል በእኛ አገር ምን እንዳሳለፈ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም። ማረሻውን የሚቀጠቅጠውና ምጣዱን የምትሠራው ባይኖሩ ጎጆ አይቆምም ነበር፤ ማዕድ ግን አብሯቸው የሚቆርስ አልነበረም። እጁ ይፈለጋል፣ ባለ እጁ ይናቃል። የሕንድ ዘመናዊ ነቃሽ ሙያ ከሃያ ወይም ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የተከበረው ችሎታው ስለጨመረ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ጽሑፍ ይሞግታል። ክብሩን ያገኘው ከዚያች ዘዋሪ ሴት በመራቅ ነው፤ አሁን የገጠመው ችግር አብዛኛው የመጣውም ከዚሁ መራቅ ነው።

መራቁ ያለ ምክንያት አልነበረም። በሰሜንና በመካከለኛው ሕንድ ንቅሳት "ጎድና" ይባላል፤ በሂንዲ መውጋት ማለት ነው። ይህን ቃል ግን መንደር ብቻ አልተጠቀመበትም። የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1797 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለቤንጋል ባወጣው ደንብ የዕድሜ ልክ እስረኛ ወንጀሉና የተፈረደበት ቀን ግንባሩ ላይ እንዲነቀስ አዘዘ፤ ቅጣቱም ጎድና ተባለ። የተሻረው በ1849 ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያው መርፌና ያው ጥቀርሻ ለሙሽራ ጌጥ፣ ለእስረኛ ደግሞ የማይታጠብ ክስ ሆነው ኖሩ ማለት ነው። በደቡብ ንቅሳት የሚሠሩት የኮራቫ ሴቶች ነበሩ፤ ቅርጫት እየሸጡ፣ ዕጣ ፈንታ እየተናገሩ፣ ቤት ደጃፍ በሩዝ ዱቄት የሚሣለውን የኮላም ሐረግ ወደ ክንድ እያመጡ ይዞሩ ነበር። በ1871 የወጣው "የወንጀለኛ ጎሣዎች" ሕግ በኋላ ወደ ማድራስ ሲዘልቅ የእነርሱም ሕዝብ በትውልዱ ተጠርጣሪ ሆኖ ተመዘገበ። ነቃሿ ራሷ ያልተነቀሰ ምልክት ተለጠፈባት። ሕጉ የተሻረው ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ ቢሆንም ልማዱ ዕድሜ ነበረው፤ በ1993 በፑንጃብ፣ አምሪትሳር ውስጥ ፖሊሶች አራት ሴቶችን ይዘው ግንባራቸው ላይ "ኪስ አውላቂ" የሚል ቃል አስነቀሱባቸው። ፍርድ ቤት ጥፋተኞቹን የቀጣቸው በ2016 ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የአንድ የከተማ ወላጅ ልጁ "ነቃሽ ልሆን ነው" ሲለው ቢደነግጥ የሚፈረድበት አይመስለኝም።

ሆኖም ይኸው ምልክት የተገላቢጦሽ ሊሠራ እንደሚችል ያሳዩ ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዛሬዋ ቻቲስጋር ፓራሱራም የተባለ ሰው የጀመረው የራምናሚ ማኅበር አባላት ቤተ መቅደስ እንዳይገቡ የተከለከሉ፣ "የማይነኩ" የተባሉ ሰዎች ናቸው። መግባት ከተከለከልን አምላክን ወደ እኛ እናምጣው አሉና "ራም" የሚለውን ስም በሰውነታቸው ላይ ነቀሱ፤ አንዳንዱ ግንባሩ ላይ ብቻ፣ አንዳንዱ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ። በር ሊዘጋበት የሚችል ቤተ መቅደስ ቀርቶ ቆዳው ራሱ ቤተ መቅደስ ሆነ። ንቅሳት በሕንድ ጌጥ ብቻ ነበር የሚል ሰው እነዚህን አላያቸውም።

ዘመናዊው ሙያ የተነሣው ከዚህ ሁሉ ጀርባውን አዙሮ ነው። ኢኮኖሚው በ1991 ተከፍቶ፣ የሳተላይት ቴሌቪዥን በየቤቱ ገብቶ፣ ጎዋ በውጭ አገር ወጣት ተሞልታ፣ በ2005 የጀመረው "ማያሚ ኢንክ" የተሰኘው የአሜሪካ ትርኢት ነቃሹን እንደ ሙዚቀኛ ዝነኛ አድርጎ ሲያሳይ፣ የሙምባይና የዴልሂ ወጣቶች የሚመስሉት ሰው አገኙ። ዴልሂ ውስጥ "ዴቪልዝ ታቱዝ"ን ያቋቋመው ሎኬሽ ቨርማ፣ ሙምባይ ውስጥ የፊልም ተዋንያንን በመንቀስ የታወቀው ሳሚር ፓታንጌ፣ "ኤሊየንስ ታቱ"ን ከፍቶ ኋላም ትምህርት ቤት የጨመረበት ሰኒ ባኑሻሊ የዚህ ትውልድ ስሞች ናቸው። የስቱዲዮዎቹ ስም በእንግሊዝኛ መሆኑን ልብ ይሏል። ደንበኛውም ተለወጠ። ክሪኬት ተጫዋቹ ቪራት ኮህሊ ለአንድ ቀን ግጥሚያና ቴስት ለሚባለው የብዙ ቀን ግጥሚያ ሲሰለፍ የተሰጡትን ተራ ቁጥሮች፣ 175 እና 269፣ ክንዱ ላይ ካስነቀሰ በኋላ ንቅሳት የሽፍታ ነው የሚል አባት መልስ አጠረው።

የሙያው መሰላል ግን ከዝናው በጣም ይርቃል። ተለማማጁ ደመወዝ የሚያገኝበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ብዙው ራሱ ከፍሎ ይማራል። የመጀመሪያ ወራቱ ወለል በማጠብ፣ ወረቀት ላይ መስመር በመሳብ ያልቃሉ፤ ከዚያ ሰው ሠራሽ ቆዳ ይመጣል፣ ከዚያ የገዛ ጭኑ። መስመር ሳይንቀጠቀጥ መሳብ የሥዕል ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ቆዳ እንደ ሸራ ዝም አይልም፣ ይተነፍሳል፣ ያብጣል፣ በግራ እጅ ተወጥሮ ካልተያዘ መርፌውን ያስታል። በጣም ከጠለቀ ቀለሙ ከቆዳው ሥር ተሰራጭቶ እንደ ብዥታ ይቀራል፤ ካልጠለቀ በወር ውስጥ ይረግፋል። ጀማሪው የሚነቅሰው የፍቅረኛ ስም፣ "ኦም" የሚለው ፊደልና የእናት ስም ነው፤ የሚከፈለውም በካሬ ኢንች። በካሬ መሸጥ ለመሬትና ለንጣፍ እንጂ ለሥዕል አይስማማም፤ ነገር ግን ሕንድ ውስጥ የአንድ ነቃሽ ማዕረግ ከፍ ማለቱ የሚታወቀው በካሬ ኢንች ማስላቱን ትቶ በቀን ወይም በቀጠሮ ሲያስከፍል፣ ደንበኛውም ቀብድ ከፍሎ ወረፋ ሲጠብቅ ነው። የሞተ አባት ፊት ወይም የሺቫ ምስል በጥቁርና በግራጫ ጥላ የሚሠራበት ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ይውላል፤ አንገትና ወገብ የሙያው ሌላኛው ሒሳብ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ክርክሬ የሚጠነክረው። ይህ ሰው ማሽኑን ከውጭ አምጥቶ ሊሆን ይችላል፤ አገሩ ውስጥ እንዲሠራ የሚያስችለው እውቀት ግን ከውጭ የሚመጣ አይደለም። የቀለም ካታሎጎቹ ነጭ ቆዳን አስበው የታተሙ ናቸው፤ ቀለሙ የሚቀመጠው ከሜላኒን ሥር ስለሆነ ጠይም ቆዳ ላይ ሁሉም ቀለም በቡናማ መስታወት እንደሚታይ ነው። ቢጫው ይጠፋል፣ ጥቁሩ ይነግሣል። ይህን የጥቀርሻዋ ባለሙያ ከመቶ ዓመታት በፊት አውቃ በአንድ ቀለምና በነጥብ ነው የሠራችው። የቦታ ጉዳይም አለ። በጥቅምት 2015 ባንጋሎር ውስጥ አንድ አውስትራሊያዊ የላማ የምትባለውን እንስት አምላክ ምስል ቅልጥሙ ላይ በመነቀሱ ሕዝብ ከቦት ነበር። አምላክ ከወገብ በታች እንደማይሣል የሚያውቅ የሕንድ ነቃሽ ገንዘቡን ትቶ ደንበኛውን ይመልሳል፤ ይህ በየትኛውም የማሽን መመሪያ ላይ አልተጻፈም። እንጀራም አለበት። የሕንድ ጦር ቋሚ ንቅሳትን የሚፈቅደው ከክርን እስከ አንጓ ባለው የክንድ ውስጠኛ ገጽና በእጅ ጀርባ ብቻ ነው፤ ለታወቁ ነባር ጎሣዎች ግን እንደ ልማዳቸው ይተዋል። የማዕከላዊ የፖሊስ ኃይሎች ደግሞ ሰላምታ የማይሰጥበትን ግራ ክንድ ይቀበላሉ፤ መጠኑም ከተነቀሰው የሰውነት ክፍል ሩብ ማነስ አለበት። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ቀኝ እጁን ለመነቀስ የመጣን የገበሬ ልጅ "ወታደር መሆን ታስባለህ?" ብሎ መጠየቅ የነቃሹ ሥራ ነው። ሳይጠየቅ የሄደው በሌዘር ለማስፋቅ ከንቅሳቱ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይከፍላል።

ይህን ሁሉ ብዬ የድሮውን ላቆነጅ አልፈልግም፤ የመጀመሪያው ተቃውሞም ከዚሁ ይነሣል። የባይጋ ልጅ ፈቃዷን ማን ጠየቃት? በአሩናቻል ፕራዴሽ፣ በዚሮ ሸለቆ የአፓታኒ ሴቶች ከግንባር እስከ አፍንጫ ጫፍ እንዲሁም አገጫቸው ላይ ይነቀሱ ነበር፤ በ1970ዎቹ ልማዱን ያስቆሙት የገዛ ወጣቶቻቸው ናቸው። በናጋላንድ የኮንያክ ተዋጊ ፊቱ ላይ የሚነቀሰው የጠላት ጭንቅላት ቆርጦ ሲመጣ ነበር፤ ልማዱ በ1960ዎቹ ሲያከትም የሚናፍቀው ሰው ቢኖር የሚያስገርም ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። ስለ ግዴታው ግን እንጂ ስለ እጁ አይናገርም። አፓታኒዎቹ ያቆሙት የነቃሿ እጅ ስለረከሰ አልነበረም፤ ልጆቻቸው ወደ ከተማ ወርደው ትምህርትና ሥራ ሲፈልጉ ፊታቸው ላይ ያለው መስመር መሣቂያ ስላደረጋቸው ነው። በሩን የዘጋው ከተማው ነበር፤ ዛሬ ያው ከተማ ያንኑ መስመር በቀጠሮ ይሸጣል። ፈቃድን በተመለከተ ስቱዲዮው በእርግጥ ይበልጣል፤ ደንበኛው ፈርሞ፣ መታወቂያ አሳይቶ ይተኛል። በአንድ ነገር ግን ያንሳል። መንደሩ ሴት ስትነቀስ ወንድ እንዳይገኝ ያወጣውን ሕግ ስቱዲዮው ሲጥል በምትኩ ያስቀመጠው የለም። በመጋቢት 2022 ኮቺ ከተማ ውስጥ በርካታ ሴቶች በንቅሳት አልጋ ላይ ተደፍረናል ብለው በመክሰሳቸው አንድ ነቃሽ ከታሰረ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር፦ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ መርፌ በያዘ ሰው ፊት የተኛችው ደንበኛ ጠባቂዋ ማን ነው?

ሌላው ተቃውሞ ቀላል ነው። ማሽኑ የኒውዮርክ ነው፤ ሳሙኤል ኦራይሊ ከኤዲሰን የኤሌክትሪክ ብዕር ተነሥቶ የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው በ1891 ነው፤ ጥላ አጣጣሉም ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጣ ነውና የሙምባዩ አርቲስት ለዲንዶሪዋ ሴት ዕዳ የለበትም ይላሉ። እንዲህ ከሆነ የልብስ ስፌት ማሽንም የውጭ ነው፤ ሳሪ ግን የውጭ አልሆነም። መሣሪያ ሙያን ያፈጥናል እንጂ አይወልደውም። ደግሞም ማሽኑ ስቱዲዮ ብቻ አልገባም፤ በየዓመታዊው ገበያ፣ ሜላ በሚሉት፣ ምንጣፍ አንጥፎ በባትሪ የሚነቅሰው ሰው ከስቱዲዮዎቹ ቀድሞ ይጠቀምበት ነበር። እርሱን "አርቲስት" ያለው የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። እሺ፣ ወደ ድሮው እንመለስ ቢባል፣ የባይጋን ሐረግ ወይም የናጋን መስመር የባንጋሎር ሶፍትዌር ሠራተኛ ክንድ ላይ መለጠፍ መመለስ ነው ወይስ መዝረፍ? መልሱ ማን በያዘው መርፌ እንደሚሠራ ይወሰናል። ከማኒፑር የኡይፖ ናጋ ተወላጅ የሆነው ሞራንጋም ካሊንግ፣ በሙያ ስሙ ሞ ናጋ፣ ፋሽን ዲዛይን ተምሮ ወደ ንቅሳት ከገባ በኋላ የሠራው ሥራ አንድ መንገድ ያሳያል፦ ሽማግሌዎችን እየዞረ ጠይቆ፣ የእያንዳንዱን ምልክት ትርጉም መዝግቦ፣ ከዚያ ከሽመናውና ከቅርጻ ቅርጹ ተነሥቶ አዲስ ንድፍ መፍጠር። የጀግና ምልክት ላልዋለበት ሰው እንዳይሸጥ የሚያደርግ ጥንቃቄ ነው። በዲንዶሪ ደግሞ ከእናቷ ጎድና የተማረችው ማንግላ ባይ ማራቪ ንድፎቹን ወደ ሸራና ወደ ወረቀት አምጥታለች። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ሕንድ ያቺን ሴት "አርቲስት" ያለቻት ከቆዳ ወጥታ ሸራ ላይ ስትሠራ ነው። ቆዳ ላይ አርቲስት ለመባል አሁንም ስቱዲዮ ያስፈልጋል።

ስቱዲዮው ራሱ የቆመው ግን በስሙ ብቻ ነው፤ ሕንድ ውስጥ የንቅሳት ቤት ለመክፈት በአገር ደረጃ የወጣ የሙያ ፈቃድ የለም። በ2022 ከቫራናሲ ከተማ የወጣው ዜና ርካሽ ንቅሳት ከተሠሩ በኋላ ኤችአይቪ ስለተገኘባቸው ወጣቶች ነበር፤ ሐኪሞቹ የጠረጠሩት አንድ መርፌ ለብዙ ሰው መዋሉን ነው። በ2025 መጀመሪያ የካርናታካ ግዛት የጤና ሚኒስትር ዲኔሽ ጉንዱ ራኦ በተመረመሩ ቀለሞች ውስጥ አርሴኒክና ክሮሚየምን ጨምሮ 22 ዓይነት ብረታ ብረት መገኘቱን ተናግሮ፣ ለንቅሳት ቀለም አገር አቀፍ ደረጃ እንዲወጣ ጠየቀ። ጥያቄው ትክክል ነው። የምፈራው ደንቡን ስቱዲዮዎቹ ብቻቸውን እንዳይጽፉት ነው። ያኔ ስለ ግድግዳው ሴራሚክ፣ ስለ ክፍሉ ስፋትና ስለ ምስክር ወረቀት ይጽፋሉ፤ የሜላው ሰውዬ ደግሞ ከአንዱ ገበያ ተባርሮ ሌላው ላይ ምንጣፉን ያነጥፋል እንጂ ሥራውን አይተውም። እርሱ ከረጢት የማይቀደው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። ለአንድ ስም የሚያገኛት ጥቂት ሩፒ ናት፤ አዲስ መርፌ በየሰዉ ቢያወጣ ቀኑ በኪሳራ ያልቃል። ርካሽ የታሸገ መርፌ በየገበያው የሚያከፋፍል፣ ያገለገለውን የሚሰበስብ የጤና ሠራተኛ ቢመደብ ከአሥር የሴራሚክ ግድግዳ ይበልጥ ነበር። እስከዚያው ድረስ በመሸው ሜላ፣ በአምፖሉ ሥር፣ መርፌው በዚያው ጨርቅ ይጠረጋል። ቀጣዩ ልጅ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀምጧል።